ጠረፍ የሚሻገር ጽዋ

ሰው ከአገሩ ሲወጣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁ ነው። በሶው ይፈጫል፣ ቆሎው ይቆላል፣ ድርቆሹ ይደርቃል፤ ሁሉም በስልቻና በአገልግል ተሸክፎ ከመንገደኛው ትከሻ ላይ ይወጣል። መጠጥ ግን የስንቅ ጠባይ የለውም። ይከብዳል፣ ይፈሳል፣ ሲሰነብትም ይሆመጥጣል። ጠላ በጋን ተሸክሞ የአሥር ቀን መንገድ የሚሄድ ሰው የለም። ስለዚህም የሩቅ መንገደኛ እህሉን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ መጠጡን ግን ከሚያድርበት ቤት ተስፋ ያደርጋል። “ቤት ለእንግዳ” የሚለው ቃል ትርጉም ግማሹ ይኸው ነው፤ ለደከመው ሰው ውኃና ጠላ የሚቀዳለት ቤት አለ ማለት ነው።

የሚደርስበት አገር ያንን መጠጥ በሕግ የከለከለ እንደሆነስ? ይህ ጥያቄ በመተማ ሸለቆ ለሚኖር ሰው የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። በየዓመቱ ክረምት ሲገባና ሰሊጥ ሲደርስ በሺህ የሚቆጠር እግር ይዞት የሚሻገረው ጥያቄ ነው።

መተማ ዮሐንስና ገላባት ትይዩ የቆሙ ሁለት ከተሞች ናቸው። የሚለያቸው አንድ ጠባብ ወንዝ ነው፤ በበጋ የአሸዋ መንገድ ይሆናል፤ በላዩ ያለውን አጭር ድልድይ አንድ ሰው ሳይቸኩል በጥቂት ደቂቃ ይሻገረዋል። ከገላባት ወዲያ፣ ጠረፉን ተከትሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ የባሱንዳ ምድር ይዘረጋል። ባሱንዳ በገዳሪፍ ግዛት ውስጥ ያለ የጠረፍ ወረዳ ነው። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት መኪናውንም እግረኛውንም ይውጣል። ከኢትዮጵያ በኩል ሽንፋ እየተባለ የሚወርደው ወንዝ በዚያ በኩል ራሃድ ተብሎ ስሙን ይለውጣል፤ ውኃው ግን ያው ነው። ማሽላውና ሰሊጡ በሁለቱም ወገን አንድ ነው፤ የሚያርመውና የሚያጭደውም ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ከደንቢያና ከጭልጋ፣ ከበለሳና ከጎጃም፣ አልፎም ከወሎ የወረደ ወጣት በቋራና በመተማ እርሻ ላይ ጀምሮ፣ ሥራው ሲያልቅ ወይም ክፍያው ሲሻል ወደ ባሱንዳና ወደ ገዳሪፍ ሰፋፊ እርሻዎች ይዘልቃል። ገዳሪፍ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የማሽላ እርሻ ያየችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የእጅ ሠራተኛ ተመኝታ የማታውቅበት ዓመት የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ወጣት በመተማ ዮሐንስ የመጨረሻዋን ሌሊት ሲያድር መጠጥ ቤቶቹ በራቸው ክፍት ነው። ጠላው አለ፣ አረቄው አለ፤ በ1992 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ሥራ የጀመረው የዳሽን ፋብሪካ ቢራም በሣጥን ተደርድሮ ይጠብቃል። በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ከማዶ የተሻገረ ሱዳናዊም ይገኛል፤ ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ፣ በአገሩ የማያገኘውን ብርጭቆ አስቀድቶ። አንዱ ነገ ስለሚያጣው ይጠጣል፤ ሌላው ትናንት ስላጣው ይጠጣል። ጎሕ ሲቀድ ሁለቱም ድልድዩን ይሻገራሉ። ጠርሙሱ ግን አይሻገርም።

ጠርሙሱን በድልድዩ ላይ ያቆመው ሕግ ታሪክ አለው። ሱዳን ከጥንት ጀምሮ የማሽላ አገር እንደ መሆኗ መጠን የማሽላ መጠጥም አገር ነበረች። መሪሳ የሚባለው መጠጥ ከፊሉ ሊጥ እንዲኮመጥጥ ተትቶ፣ ከፊሉ በእሳት ላይ እስኪጠቁር ታምሶ፣ በብቅል ተደባልቆ የሚጠመቅ ነው። ጠላ የምትጠምቅ የጎንደር ሴት ይህን ሥራ ቆማ ብታይ እንኩሮዋንና ብቅልዋን ሳትለይ አትቀርም። ሐሚድ ዲራር የተባሉት ሱዳናዊ ሊቅ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት፣ የአገራቸውን የቦኩ ምግቦችና መጠጦች በመዘገቡበት መጽሐፍ ለመሪሳ ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል፤ የዚህ ሁሉ ጥበብ ባለቤቶችም ያልተማሩ የሚባሉት የገጠር ሴቶች መሆናቸውን መስክረዋል።

ክልከላውም እንደ መጠጡ ሁሉ ሥር ያለው ነው። መሐዲው በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲነሣ አስካሪ መጠጥንና ትምባሆን አብሮ ከልክሎ ነበር። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ጦር ሜዳ ሲወድቁ፣ ከማዶ የተሰለፈው የደርቡሽ ጦር በዚያ ሕግ ሥር የሚኖር ጦር ነበር። የመሐዲው መንግሥት ሲያልፍ መሪሳው ተመልሶ ለብዙ ዘመን ከየቤቱ ጓዳ ኖረ። ከዚያም በሴፕቴምበር 1983 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ የሸሪዓን ሕግ ሲያውጁ፣ በካርቱም የተሰበሰበ ብዙ ጠርሙስ መጠጥ በአደባባይ ወደ ዓባይ ውኃ ተደፋ። ከጣና የወረደው ውኃ ያን ቀን የሌሎችን ወይንና ውስኪ ተሸክሞ ወደ ግብፅ አለፈ።

በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የወንጀል ሕግ ነገሩን በአንቀጽ አስቀመጠው። አስካሪ የጠጣ፣ የያዘ ወይም የጠመቀ ሙስሊም አርባ ጅራፍ ይገረፋል። ሙስሊም ያልሆነ ሰው በቤቱ ጠጥቶ ሌላውን ካላወከ ቅጣቱ እንደዚያ አይጠብቅበትም። የሚሸጥ፣ የሚያከማችና የሚያጓጉዝ ግን ሃይማኖቱ ሳይለይ በእስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል፤ መጠጡም ይደፋል። አንባቢ ይህችን ልዩነት ልብ ይበል። ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በእርሷ ላይ ነውና ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

የራስን መጠጥ ይዞ ወደ ሌላው ግዛት መግባት በዓለም ላይ በብዙ ቦታ ያከራክራል። ባሕር ላይ እንደ ከተማ የሚንሳፈፉት የሽርሽር መርከቦች መንገደኛው ከቤቱ ወይን ይዞ የሚሳፈርበት ሕግ አላቸው። ብዙዎቹ ለአንድ ጎልማሳ ሰው አንድ ጠርሙስ፣ 750 ሚሊ ሊትር፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ይፈቅዳሉ፤ ጠንካራ መጠጥ ግን ከበሩ አያልፍም። ወይኑን በመርከቡ የምግብ አዳራሽ ልክፈተው ያለ ሰውም ለቡሹ መክፈቻ ይከፍላል፤ በራሱ ወይን፣ በራሱ ጠርሙስ። የዚያ ሕግ ምክንያት ሃይማኖት አይደለም፤ መርከቡ ራሱ መጠጥ ሻጭ ስለሆነ ገበያውን ይጠብቃል። ወደዚህ ቀረብ ሲባል ደግሞ ከአስዋን ተነሥቶ በታላቁ ግድብ ሐይቅ ላይ ወደ ዋዲ ሐልፋ ለዓመታት ሲመላለስ የኖረው መርከብ አለ። በእርሱ የሚሳፈር ሰው ቢራውን በግብፅ ወደብ ጨርሶ ነው የሚወጣው። አንደኛው በር የሚጠበቀው በገንዘብ ሣጥን ነው፤ ሁለተኛው በእምነት ነው። በሁለቱም ላይ ግን መንገደኛው የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ “እዚህ ቤት ባለቤት አለው።”

ይህ ቃል ለአበሻ እንግዳ አይደለም። በገዛ ቤቱም የሚናገረው ቃል ነው። ሆኖም የሽርሽር መርከብ ተሳፋሪ በሰባተኛው ቀን ይወርዳል፤ ከወደቡም የፈለገውን ይጠጣል። የባሱንዳው ሠራተኛ ሁለት መከር፣ ሦስት መከር ይቆያል። ስደተኛው ደግሞ መውረጃውን አያውቀውም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በድርቅና በጦርነት ተሰድዶ በኡም ራኩባ የሰፈረው ሰው፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ሸሽቶ ወደዚያው ስፍራና ወደ ቱነይድባ የገባው ሰው ቲኬት ቆርጦ የተሳፈረ አልነበረም። ለእንዲህ ያለው መንገደኛ “የቤቱን ሕግ አክብር” ማለት ቀላል ነው፤ ክርስትናውን፣ ሠርጉን፣ ተዝካሩንና ማኅበሩን በምን እንደሚያሳልፈው መንገር ግን ቀላል አይደለም።

ምክንያቱም ጠላ ለደጋው ሰው ከመጠጥ ይበልጣል። ለደቦ የመጣ ጎረቤት ደመወዙ ጠላ ነው። የሞተ ሰው አርባው ሲወጣ ነፍስ ይማር የሚባለው ጽዋ ተይዞ ነው። የጊዮርጊስ ወይም የማርያም ማኅበርተኛ በወር በወሩ ዳቦና ጠላ ይዞ ይገናኛል፤ ጽዋውን ተረካቢው ወደ ቤቱ ይዞ ሲሄድ ወሩን በሙሉ የሃያ ሰው አደራ ይዞ እንደ ሄደ ይቆጠራል። ይህ ሥርዓት ያለ መጠጥ ይቆማል ወይ? በባሱንዳ ጎጆዎች ውስጥ ሰዎች ሲከራከሩበት የኖሩት ይህንን ነው።

ታዲያ ጠርሙሱ ባይሻገርም የሚሻገር ነገር አለ። ጌሾ ከተቀጠፈና ከደረቀ በኋላ ቅጠል ነው፤ በከረጢት ውስጥ ከሻይ ቅጠልና ከበርበሬ ጎን ይቀመጣል። ማሽላው ወዲያ ማዶ ሞልቷል። ብቅል ለማብቀል እርጥብ ጆንያ ይበቃል። ማር ማር ነው፤ የቋራና የመተማ በረሃ ማር ከጥንት ጀምሮ ከቡናና ከሰም ጋር በገላባት ገበያ ሲሸጥ የኖረ ዕቃ ነው። የሕጉ ቃል የሚናገረው ስለሚያሰክረው መጠጥ እንጂ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ እህሉና ስለ ማሩ አይደለም። እንዲህም ሆኖ ጠላና ጠጅ እየተበተኑ ይሻገራሉ፤ ከማዶም የሚሰበስባቸው የአንዲት ሴት እጅ ነው። የጥንስሱ ልክ፣ የእንኩሮው አመሳሰስ፣ ድፍድፉ ስንት ቀን እንደሚተኛ፣ ይህን ሁሉ ማንም ፈታሽ በኬላ ላይ ሊያገኘው አይችልም። እውነተኛው ስንቅ እርሱ ነው።

እንግዲህ አንዲት ሴት ከደንቢያ ወረደች እንበል። ባሏ ሞቷል ወይም ትቷት ሄዷል፤ ልጆች አሏት። ለአረም ሥራ ጉልበቷ አልፈቀደላትም። ከእናቷ የተማረችው ሙያ አንድ ነው። ጋን የለም፤ ጋን ቢኖርም ይታያልና ጀሪካን ይተካዋል። ጥንጁት ወይም ወይራ የማጠን ነገር አይታሰብም፤ ጢሱ ይናገራል። የጥንስሱ ሽታም ይናገራል፤ ነፋሱ ወደ መስጊዱ ወይስ ወደ እርሻው እንደሚነፍስ አይታ ትጠነስሳለች። ሌሊት ታጠልላለች፤ ሲመሽ ትቀዳለች። የሚጠጡላት የአገሯ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዴም ከአገሬው ሰው መካከል በጨለማ የሚመጣ አይጠፋም። ስትቀዳ የምትፈራውም የምትኮራውም በአንድነት ነው፤ ጠላዋ ጥሩ ነውና።

አንድ ቀን ፖሊስ ይመጣል። መጠጡ ይደፋል፤ ጀሪካኑ ይቀደዳል። ጠጪው በኋላ በር ይወጣል፤ ቢያዝም ክርስቲያን ከሆነና ካልረበሸ ሕጉ ይራራለታል። ሻጯ ግን ሃይማኖቷ አያድናትም። መቀጮው የሦስት ወር ጥረቷን ይበላዋል፤ መክፈል ካልቻለች ትታሰራለች፤ ልጆቿ ከጎረቤት ይወድቃሉ። ይህ የአንዲት የምናብ ሴት ዕጣ ብቻ አይደለም። በኦምዱርማን በሚገኘው የሴቶች እስር ቤት ለብዙ ዓመታት ከታሰሩት መካከል የሚበዙት መጠጥ ጠምቀው በመሸጥ የተያዙ፣ በአብዛኛውም ከደቡብ ሱዳንና ከኑባ ተራሮች በጦርነት የተፈናቀሉ ድኾች እንደ ነበሩ የታወቀ ነው፤ ኢትዮጵያውያትም በዚያው ክስ ታስረዋል። አንዱ ሕግ ለሁሉም ቢጻፍም ሸክሙ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ጽዋውን የሚያነሣው እጅና ስለ ጽዋው የሚታሰረው እጅ የተለያዩ ናቸው።

ስለዚህ “ባህላችን ነው” የሚለው ክርክር ሲነሣ ማን በማን ወጪ እንደሚናገረው ማየት ይገባል። የማኅበሩ አለቃ፣ የሠርጉ አባት፣ ከመከር የተመለሰው ጎረምሳ ባህሉ እንዳይቀር ይፈልጋሉ። ሦስቱም ግን ጀሪካኑን ከአልጋቸው ሥር አያሳድሩትም። ባህሉን ይዛ የምታድረው እርሷ ናት። ባህልን መውደድ ማለት ሌላው እንዲታሰርለት መፍቀድ ከሆነ ፍቅሩ ጥቂት ማፈር ይኖርበታል።

በሌላው ወገን “እንግዳ ነህና አጎንብስ” የሚለውም ቃል እንዳለ የሚዋጥ አይደለም። ማጎንበስ የሚያምረው ቀና የሚሉበት ቤት ላለው ሰው ነው። አገሬውም ቢሆን በአንድ ድምፅ የሚናገር አልነበረም፤ የመሪሳው አገር ሰው መሪሳውን በሕግ ቢተውም በልቡ ሁሉም አልተወውም። በኖቬምበር 2019 እ.ኤ.አ. የሴቶችን አለባበስና አኗኗር ሲቆጣጠር የኖረው የሕዝባዊ ሥርዓት ሕግ ተሻረ። በጁላይ 2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሽግግሩ መንግሥት የወንጀል ሕጉን አሻሽሎ ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች መጠጥ መጠጣት፣ ማስገባትና መሸጥ እንዲችሉ ፈቀደ። ሠላሳ ሰባት ዓመት የቆየ በር በወረቀት ላይ ተከፈተ። ነገር ግን ከካርቱም የወጣ ወረቀት ክረምት በዘጋው የመረሬ መንገድ አልፎ ከጠረፍ ፖሊስ ጣቢያ እስኪደርስና ከሰው ልብ እስኪገባ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜው ግን አልተገኘም፤ በኦክቶበር 2021 እ.ኤ.አ. መፈንቅለ መንግሥት፣ በኤፕሪል 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጦርነት መጣ።

በሁለቱ ክርክሮች መካከል ግን ከአበሻ ቤት ከራሱ የወጣ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ስሙ ብርዝ ነው። በጎንደርም ሆነ በወሎ ክርስቲያኑ ድግስ ሲደግስ ሙስሊም ጎረቤቱን አይረሳም። ሥጋው በሙስሊም እጅ ይታረድለታል፣ ዕቃው ይለይለታል፣ ጠጁ ሲጣል ደግሞ ያልቦካው ማር በውኃ ተበርዞ በንጹሕ ብርሌ ይቀርብለታል። ከገብስ የሚሠራው ቅሪቦም ለዚሁ ክብር የተዘጋጀ ነው። ብርዙ የሚቀርበው ለምስኪን እንደሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ከጠጁ ጎን፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ምርቃት ነው። ያ ብርሌ ሲነሣ ሙስሊሙ ጎረቤት ከድግሱ ተለየ የሚል የለም። እንዲህ ከሆነ መጠጡ ያቆመው የመሰለንን ማኅበር ያቆመው ሌላ ነገር ነበር ማለት ነው። በአገር ቤት ለሙስሊሙ እንግዳ የተቀዳው ብርዝ፣ እዚያው ሙስሊም አገር በእንግድነት ለገባው ክርስቲያን እንዴት አይበቃውም?

በባሱንዳና በገዳሪፍ መንደሮች ይህን ያስተዋለ ሰው አልጠፋም። ማር ሲገኝ በብርዝ፣ ማር ሲጠፋ በስኳር ውኃና በሎሚ የሚፈጸም ማኅበር ማኅበር መሆኑን አላጣም። ዳቦው ይቆረሳል፣ ስሙ ይጠራል፣ የታመመው ይጠየቃል፣ የሞተው ይታሰባል። በእርግጥ አንጋፋው ጽዋውን ቀምሶ ፊቱን ማጥቆሩ፣ ጎረምሳውም በሆዱ መተማን መመኘቱ አይቀርም። ቢሆንም በዚያች ማታ ስለ ማኅበሩ ብላ የምትታሰር ሴት የለችም።

ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ ቀደም ብላ ይህን መንገድ ታውቀዋለች። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የምታቀርበው ወይን ከጠርሙስ የሚቀዳ አይደለም። ደረቅ ዘቢብ ነው፤ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ፣ ተጠልሎ፣ ሳይቦካ በጽዋው ይገባል። ይህ ሥርዓት የወይን ተክል እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ለኖረ ሕዝብ የተመቸ ነበር፤ በስደት አገር ደግሞ ሌላ ጥቅም አገኘ። ዘቢብ በኬላ ላይ የሚያስጠይቅ ነገር አይደለም፤ በገዳሪፍ ሱቅም ለሩዝ ማጣፈጫ ይሸጣል። በጃንዋሪ 2021 እ.ኤ.አ. የኡም ራኩባ ስደተኞች ገናን በሰፈሩበት ሜዳ ሲያከብሩ ከተቃጠለ ቤት የወጣ ሰው በሣርና በእንጨት ማደሪያ ሥር ለጸሎት ቆመ። የካህናቱ ወይን አገር ጥሎ ለመሄድ የተፈጠረ ይመስላል፤ ደርቆ ይሻገራል፣ ውኃ ሲያገኝ ይነሣል። በዚህ ወይን ምክንያት የሚፈስ ጀሪካን የለም።

ከዚያችው ከደንቢያ ሴት ዘንድ ስንመለስ ሌላ ነገር ጀምራ እናገኛታለን። መቀጮዋን ከፍላ ከወጣች በኋላ ጀሪካኑን ተወችው። አንድ ከሰል ማንደጃ፣ ሁለት ጀበና፣ ጥቂት ስኒ፣ አራት ዝቅተኛ በርጩማ ገዛች። በምሥራቅ ሱዳን ጀበና የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም፤ እዚያም ስሙ ጀበና ነው። ዝንጅብሉ ብቻ ይበዛል። በገዳሪፍ የመንገድ ዳር ቡናና ሻይ እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ ኢትዮጵያውያት ብዙ ናቸው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከእርሻ የተመለሰው ልጅ በደጇ ያልፋል፤ ልማድ ነውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃታል።

“እታለም፣ ዛሬም የለም?”

“የለም የኔ ልጅ። ተቀመጥ፣ ቡና ጠጣ።”

ይቀመጣል። ከጎኑ የተቀመጠው ሱዳናዊ ሹፌር በርጩማውን ጠጋ ያደርግለታል። በጠላው ዘመን ይህ ሰው በጨለማ መጥቶ በጨለማ የሚሄድ ነበር፤ አሁን በቀን ብርሃን፣ ስሟን ጠርቶ ሰላምታ ሰጥቶ ይጠጣል። ሴትየዋ በጠላው የምታገኘውን ያህል በቡናው አታገኝ ይሆናል። የእናቷ ሙያ ግማሹ ከእጇ እየወጣ መሆኑንም ታውቃለች፤ ልጇ ጥንስስ መጠንሰስ አታውቅም። ይህ ኪሳራ ነው፤ ኪሳራ አይደለም ማለት ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን ሌሊት ተኝታ ታድራለች።

የጠረፉ መንገድ ወዲህም ወዲያም ነው። ከኤፕሪል 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካርቱም ስትነድ የገላባት ድልድይ በተቃራኒው አቅጣጫ ሰው ተሸከመ። ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ ነጋዴው፣ አሮጊቷና ሕፃኑ ወደ መተማ ገቡ፤ ብዙዎቹም በዚያው ዓመት በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። አሁን እንግዳው እነርሱ ሆኑ፤ የመጠጥ ቤቱ መብራትና ሙዚቃ የሚያስጨንቃቸው፣ ልጆቻቸውን ከዚያ በር የሚያርቁ እንግዶች። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ግን ምንጊዜም አንድ ነገር ይዞ ነው።

ሱዳናዊት እናት ለረመዳን የምታዘጋጀው ሑሉ ሙር የሚባል መጠጥ አለ፤ ትርጉሙ ጣፋጭና መራራ ማለት ነው። የማሽላ ብቅል ከልዩ ልዩ ቅመም ጋር ተቦክቶ፣ እንደ ስስ ቂጣ በምጣድ ላይ ተጋግሮ ይደርቃል። ሲደርቅ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ ከአገር ርቆ ላለ ልጅም በጥቅል ይላካል። በጾም ማፍጠሪያ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ቀላ ያለ፣ የማያሰክር፣ ያገር ቤት ሽታ ያለው መጠጥ ይሆናል። ማሽላው ያው ማሽላ፣ ብቅሉ ያው ብቅል ነው። ከድልድዩ ወዲህ የሚሄደው ዘቢብና ጌሾ፣ ከድልድዩ ወዲያ የሚመጣው ሑሉ ሙር፣ ሦስቱም የአንድ ሐሳብ ልጆች ናቸው። መፍሰስ የማይችል፣ ማንም የማይደፋው፣ ደርቆ የሚጓዝና በደረሰበት ውኃ ሕይወት የሚዘራ ስንቅ ናቸው።

ያገሩን ሰው ብርዝ በጥብጦ የተቀበለ ቤት ይህን መጠጥም ሊያውቀው ይገባል። የመተማ ሴት ለሱዳናዊት ጎረቤቷ በማፍጠሪያ ሰዓት ንጹሕ ውኃና ንጹሕ ዕቃ ብታቀርብላት ምንም አልጎደለባትም፤ ነገ ልጇ ለአጨዳ ወደ ባሱንዳ ሲሻገር በዚያ ያለች አንዲት እናት ውኃ ታጠጣው ይሆናል። የጠረፍ ሰው ብድር የሚከፍለው እንዲህ ነው፤ በገንዘብ ሳይሆን በሚጠጣ ነገር፣ ዕዳውም በልጅ በኩል ይሻገራል።